የመንዝ ጓሳ ጉብኝት፦ ብርዱ፣ ቀይ ቀበሮውና የሣሩ ባለቤት

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ያለው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ለጎብኚ የሚያቀርበው አገልግሎት ሲዘረዘር አጭር ነው፦ መግቢያ፣ አብሮ የሚሄድ ጥበቃ፣ ቀለል ያለ ማረፊያ ቤት፣ የድንኳን ቦታ። ሎጅ ሲባል ሙቅ ሻወርና ቡፌ የሚታየው ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ሆቴል ይዞ ቢያድር ይሻለዋል። ይሁንና በአገራችን የዱር እንስሳ ለማየት ከሚከፈልባቸው ቦታዎች መካከል፣ ገንዘቡ ማን እጅ እንደሚገባ፣ ለምንስ እሱ እጅ እንደሚገባ ፊት ለፊት ሊጠየቅ የሚችልበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ስለዚህ አልጋውና ምድጃው ይቆዩንና ከሣሩ እንጀምር።

ጓሳ ማለት ሣሩ ነው፤ ቦታው የሚጠራው በሱ ነው። ጉች ጉች ብሎ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ የውርጭ አገር ሣር ነው። መንዝ ውስጥ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የእረኛ ገሳ ይሠራበታል፣ መጥረጊያ ይሆናል። በደንብ የተከደነ የጓሳ ቤት ከገለባ ክዳን ብዙ እጥፍ ዕድሜ አለው፤ ዋጋው ያለውም እዚያ ላይ ነው። አጨዳው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማጭዱ ከሥሩ ከፍ ብሎ መግባት አለበት። ከመሬት ጋር ተስተካክሎ ከተላጨ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው የሣሩ እምብርት ይጋለጥና የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያቃጥለዋል። በወጉ የታጨደውም ቢሆን ለክዳን የሚበቃ ርዝመት ለማውጣት አንድ ክረምት አይበቃውም።

በጉቹ ሥር አይጥ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ የሚኖረው በአይጥ ነው። በግ ቢያገኝ አይተውም፤ የዕለት እንጀራው ግን አይጥና ፍልፈል ነው። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በሙሉ 500 ያህል ቢሆን ነው፤ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ጓሳ ውስጥ ያለው ደግሞ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ነው። እንግዲህ ሌሊት ተደብቆ አንድ ሸክም ጓሳ ያጨደ ሰው ጥይት ሳያባክን ቀበሮውን ጎድቶታል። ሣሩ ከሳሳ አይጡ መደበቂያ ያጣል፣ ይመናመናል፤ ቀበሮው ሰፊ ቦታ ማካለል ይጀምራል፣ ወደ መንደር ይጠጋል፣ ከውሻ ጋር ይገናኛል። ከውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተደጋጋሚ ፈጅቶታል።

ሕገወጥ አደን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ጠመንጃ ነው። ጓሳ ላይ ከጠመንጃው ይልቅ የሚያሰጋው ማጭዱ፣ ከማጭዱም ቀጥሎ የማገዶ ምሳሩ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የመንዝ ማዕድ ነው። ቀበሮ አይበላም። ጥንቸል በኦርቶዶክሱ ዘንድ እርም ነው። ጭላዳ ዝንጀሮማ አይታሰብም፤ ወንዱ ለጎፈሩ ሲባል በየቦታው የተገደለበት ዘመን ግን ነበር። ለሥጋ የሚፈለጉት ሰስ፣ ሚዳቋና ቆቅ ናቸው። ቆላ ባሉ ፓርኮች ከሚታየው የሥጋ አደን ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑ ግን ለጥበቃው ሙገሳ ሊሆን አይገባም፤ ግማሹን ሥራ የሠራው የኦሪቱ የምግብ ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ ባለቤቱ። በአካባቢው የሚነገረው ታሪክ ጓሳን ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይመልሰዋል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን ሲከፋፈሉ ይህን ደጋ ለሣርና ለግጦሽ ለይተው አስቀመጡት ይባላል። ከዚያ የመጣው ቄሮ የተባለው የሣርና የግጦሽ አጠባበቅ ሥርዓት ነው። የመጠቀም መብቱ በዘር ይወረስ ነበር፦ ከአቅኚዎቹ የሚወለድ፣ አጽመ ርስት ያለው ሰው ይገባል፤ የሌለው ይቀራል። የሁለቱ ወገኖች ዘሮች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ቦታው ለሦስት ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል። በተራ እየወጡ መጠበቅ ግዴታ ነው። መክፈቻው ቀን በበጋ፣ ሣሩ ደርሶ መኖው ሲያጥር ይታወጃል፤ ያን ቀን ሕዝቡ ከብቱንና ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በተዘጋበት ወቅት ያጨደ ሰው ቅጣቱ ቤቱን እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል።

ስለ ቄሮ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወርቃማ ዘመን አድርጎ ነው የሚያቀርበው። እኛ እዚያ ላይ እንቆጠባለን። ርስት የሌለው ጭሰኛ፣ የእጅ ባለሙያው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረው ሰው በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሕገወጥ አጫጅ ከመሆን በቀር አማራጭ አልነበረውም። ሣሩን የጠበቀው አጥር ሰውንም ያጠረ ነበር። የሠራበት ምክንያት ግን ሊካድ አይችልም፦ የሚዘጋውም የሚከፍተውም ያው ሣሩን የሚያጭደው ሰው ነበር። ዛሬ ቢሰርቅ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያጥረው የራሱ ክዳን ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለጭሰኛው ታላቅ ቀን ነበር። ጓሳ ላይ ግን ርስት ሲሻር ቄሮም አብሮ ተሻረ፤ አባ ቄራው ፊውዳል ተባለ፤ በሱ ቦታ የገበሬ ማኅበር ቆመ። ዝግ የነበረው ሁሉ ክፍት ሆነ፤ ክፍት የሆነው ደግሞ ቀድሞ ለደረሰ ማጭድ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ኋላ ላይ ያቋቋሙት አሠራር ቄሮን እንደነበረ የመለሰ ሳይሆን ከቄሮ መዝጋትንና መክፈትን፣ ከአዲሱ ዘመን ደግሞ የቀበሌ ውክልናን የወሰደ ነው። ዘር መቁጠር ቀርቷል፤ አጎራባች ቀበሌዎች ተወካይ ይልካሉ፤ ክልሉም ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አውቆታል። ጎብኚው የሚከፍለው ለዚህ አሠራር ነው።

ታዲያ መሬቱ የማን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት «የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ» ነው ይላል። «ና» የምትለዋን ፊደል ማን እንደሚተረጉማት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ጎብኚው ልዩነቱን የሚያየው በደረሰኙ ላይ ነው። ስሜን ተራሮች ሲኬድ ትኬቱ ደባርቅ ላይ ይቆረጣል፣ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አብሮ ይወጣል፣ ፓርኩ የመንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፓርክ ሆነ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በፓርኩ እምብርት የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ገብስ ዘርቶ በግ ሲያግድ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ከተሜ ሆነ። ግጦሹ ቀነሰ፣ ያ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣና የዋልያው ቁጥር ተመልሶ አሽቆለቆለ። ደጁ ላይ የሚኖር ዘብ ከሌለ፣ ደመወዝተኛው ጥበቃ ከቦታው የተነሣ ዕለት ዋልያው ጠባቂ የለውም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜም ይኸው ታይቷል፤ በብዙ ፓርኮች የጥበቃ ቤቶች ተዘረፉ፣ ቆርቆሮው ሳይቀር ተነቀለ። ሰው የተነጠቀውን ነው የወሰደው የሚል አለ፣ ዝርፊያ ነው የሚልም አለ። ሁለቱም አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ ፓርኩ የዘራፊው ነው ተብሎ አያውቅም ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት አገልግሎት ደግሞ አለ፤ የውጭ አገር አዳኞች የሚገዙት። በአርሲና በባሌ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ውስጥ የደጋ አጋዘን (ኒያላ) በፈቃድ ይታደናል። ለአንድ እንስሳ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈላል፤ ቀንዱ እንደ ዋንጫ ባሕር ማዶ ይሻገራል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይህን ይፈቅዳል። ያው አዋጅ ያለፈቃድ ያደነውን በገንዘብ መቀጮ ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ያረጀ ወንድ መርጦ ማደን የመንጋውን ቁጥር ላይጎዳ ይችላል፤ ሥራውን የሚያውቁ ባለሙያዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ክርክር ተገቢ ነው። ግን ጫካው ሥር ያለው ገበሬ አጋዘኑ ገብሱን ሲበላበት በዓይኑ ያያል፣ ከተከፈለው ገንዘብ ወደሱ ቀበሌ ምን ያህሉ እንደደረሰ ግን አያይም። ያንኑ እንስሳ እሱ ቢገድለው ወንጀለኛ ነው፣ ሌላው ቢገድለው ደንበኛ። ሕጉ ይህን ልዩነት በወረቀት ማስረዳት ይችላል፤ ገበሬውን ለማስረዳት ግን ከወረቀት ያለፈ ነገር ያስፈልጋል፤ በመንደሩ የተሠራ ትምህርት ቤት፣ ድልድይ፣ በእጁ የገባ ድርሻ።

ጓሳን ከእነዚህ ሁለቱ የምናስበልጠው በዚህ ነው። ምልክቱ ግን አልጋውም ሆነ ሥዕላዊ ማውጫው አይደለም። ስለዚህ ሲደርሱ የሚጠይቋቸውን ነገሮች ይዘው ይሂዱ። ለጥበቃው «ጋሼ፣ ዘንድሮ ጓሳው ዝግ ነው ክፍት?» ብለው ይጀምሩ። ይህ ጥያቄ ከመቶ ፎቶ ይበልጣል፤ ዝግ ከሆነ መቼ እንደተዘጋ፣ መቼ ይከፈታል ተብሎ እንደሚታሰብ፣ ማን እንደወሰነ መልስ ያለው ሰው ሥርዓቱ በሕይወት እንዳለ ይነግርዎታል። መልሱ «እሱን ወረዳው ነው የሚያውቀው» ከሆነ ነገሩ ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ገባዎት ማለት ነው። ቀጥሎ ደረሰኝ ይጠይቁ፦ መግቢያው፣ ማረፊያው፣ የጥበቃው ቀን ክፍያ፣ የበቅሎው ኪራይ ለየብቻ የተጻፉበት። በአንድ ድምር የተጻፈ ደረሰኝ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፣ ግን የቱ ለሰውየው የቱ ለማኅበሩ እንደሆነ አይለይም። ጉርሻ ካለዎት በጥበቃው እጅ ይስጡ፤ ከደረሰኙ ጋር አይቀላቀል።

የሚታየው ነገር እንዴት ነው? ጥሩ ነው፤ ትዕግሥት ላለው። ቀይ ቀበሮ ቀን የሚንቀሳቀስ እንስሳ ስለሆነ ሌሊት መንከራተት የለም። በመንጋ ይኖራል፣ ክልሉን በመንጋ ያስጠብቃል፣ አይጥ የሚያድነው ግን ብቻውን ነው። ጧት ውርጩ ሲለቅና አይጡ ሊሞቅ ሲወጣ፣ ከሰዓት ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ የተሻለ ዕድል አለ። ጆሮውን ወደፊት አቁሞ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ሲቆም ካዩት ዝም ብለው ይቁሙ፤ ሊዘል ነው። 8×42 የሆነ የርቀት መነጽር ይበቃል፤ በጭጋግና በነፋስ 10×42 ይንቀጠቀጣል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀበሮው ከጭላዳ ጋር ያለው ስምምነት ነው። ጭላዳዎቹ በገደሉ ላይ አድረው ጧት ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ይሄዳሉ። ቀበሮው መሐላቸው ይገባል፤ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። ለምን? ጓሳ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት መልሱን ይሰጣል፦ ቀበሮው በጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ለብቻው ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ። የጭላዳው ግጦሽ አይጦቹን ከጎሬያቸው ያስነሣለት፣ ወይ መንጋው ይከልለው ይሆናል። የጭላዳ ጥናቱ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት የተካሄደ ስለሆነ አንዳንዱ መንጋ ሰው ለምዷል። ያ ማለት ግን ቆሎ ይጣልለት ማለት አይደለም። ምግብ የለመደ ጭላዳ የገበሬ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ የገበሬው ወንጭፍ ያገኘዋል፣ እዳው የእርስዎ ነው።

ውሻ ይዞ መምጣት በፍጹም አይታሰብ፤ የተከተበም ቢሆን። መኪና ለሚነዱ፦ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መንገድ ጓሳን አቋርጦ ስለሚያልፍ ንጋትና ምሽት ላይ ቀስ ይበሉ።

አሁን አልጋውና ምድጃው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ጣርማ በር፤ መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ ሳይደርስ ወደ ግራ ታጥፎ የመሐል ሜዳን መንገድ መያዝ ነው። በጠቅላላው ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ከፍ ያለ መኪና ይመረጣል። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ የመሐል ሜዳን አውቶቡስ ይዞ በሥፍራው መውረድ ይቻላል፤ መውረጃውን ለረዳቱ አስቀድሞ መንገር ነው እንጂ በጭጋግ ቀን ምልክቱ አይታይም።

ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ ነው። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን መጥተው ዘመድ ጠይቀው በሦስተኛው ቀን ጓሳ የሚወጡ ሰዎች ራስ ምታቱን ከብርዱ ጋር ያምታቱታል። አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን ማደር ይረዳል፤ እሱም 2,800 ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ አጭር መንገድ መሄድ፣ ውኃ መጠጣት፣ አረቄውን ለመመለሻ ማቆየት። ራስ ምታቱ ከማስመለስና ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ መታገሥ የለም፤ ወደ ዝቅታ መውረድ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ማረፊያው ስንቅ ተይዞ የሚኬድበት ነው፤ ሬስቶራንት አድርገው አይቁጠሩት። ምግብ ሲያስቡ ከፍታውን አብረው ያስቡ፤ በ3,400 ሜትር ውኃ የሚፈላው ወደ 89 ዲግሪ ላይ ነው። ድፍን ባቄላና ሽምብራ አምጥቶ ከሰዓት በኋላ ለመቀቀል የሚሞክር ሰው ጋዙን ይጨርሳል፣ ባቄላው ግን እንደ ጠጠር ይቀራል። ሽሮ ይሠራል፣ ድርቆሽ ይሠራል፣ ክክ ሌሊቱን ከተዘፈዘፈ ይሠራል። በሶ፣ ጭኮና ቆሎ ለመንገዱ ናቸው። ማገዶ ከሥፍራው መልቀም የለም፤ ደረቅ የሚመስለው የውጨና ቁጥቋጦ የቆቁና የአይጡ መጠለያ ነው። የጋዝ ምድጃ ወይም ከደብረ ብርሃን የተገዛ ከሰል ይዘው ይምጡ። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍልና በድንኳን ውስጥ አይቀጣጠል፤ በብርድ አገር ሰው የሚሞተው ከውርጩ ይልቅ በከሰል ጢስ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለድንኳን የሚሄድ ሰው ቢያንስ እስከ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚችል የመኝታ ከረጢትና ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ፍራሽ ያስፈልገዋል። ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚመጣው፤ ሦስት ጋቢ ደርቦ በቀጭን ሸራ ላይ የተኛ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያነጋል። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ባርኔጣና ቅባት አይርሱ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ቀበሮውን ቀርቶ ረጅሙን የጅባራ ተክል ይሸፍናል። ሣሩ ሲያድግ ማየት ለሚፈልግ ግን ያው ክረምቱ ነው።

ጉድለቱን እንናገር። ቀበሮ በግ በበላ ጊዜ ባለበጉ ምን ያገኛል? በአገራችን የዱር አራዊት ለሚያደርሱት ጉዳት ካሳ የሚከፍል የተደራጀ ሥርዓት የለም፤ ጓሳም ከዚህ አያመልጥም። ዘር ሳይቆጠር ሁሉም ባለመብት ሆኗል ቢባልም፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት ከሣሩ የሚያገኘው ድርሻ ለአንድ ቤት ክዳን ከሆነ፣ ቆርቆሮ የገባበት ቤት ደግሞ ክዳን የማይፈልግ ከሆነ፣ ሣሩን እንዲጠብቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይህ ከጥበቃ ሠራተኛ ቁጥር የበለጠ የሚያሳስብ ነገር ነው። አሠራሩ የተመሠረተው ሣሩ ስለሚያስፈልግ ነበር። ቆርቆሮው የሣሩን ዋጋ በቀነሰ ቁጥር፣ የጎብኚው ብር የሣሩን ቦታ መተካት አለበት፤ ጎብኚ የሌለበት ዓመት ሲመጣ ደግሞ ክፍተቱ ይታያል።

እንዲህ ያለ ዓመት መጥቷልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ሰሜን ሸዋንም የነካ በመሆኑ ጉዞ ከማቀድ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት፣ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ማጣራት የግድ ነው። ከስድስት ወር በፊት የተነገረ «ሰላም ነው» ዋጋ የለውም። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠየቁ ከሆነ፣ መንገድ ቢዘጋ ቀኑ እንደሚዛወር አስቀድመው ይስማሙ፤ ገንዘብ ከማስመለስ ቀን ማዛወር ለሁለቱም ወገን ይቀላል።

ለግዢ የሚሆን ነገር ከፈለጉ የመንዝ በግ ፀጉር ባና አለ። ከመግዛትዎ በፊት ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፦ ቀዳዳው በሰፊው ከታየ ሽመናው ልል ነው፣ በሁለት ዓመት ይሳሳል። እርጥብ እጅ አሻሽተው ያሽቱት፦ ጠንካራ የበግ ሽታ ያለው ፀጉሩ በደንብ አልታጠበም፣ ብል ይወደዋል። ቀለሙ እጅ ላይ ከቀረ ተፈጥሯዊው ጥቁርና ቡናማ ሳይሆን የተነከረ ነው። ቆዳ፣ ቀንድ፣ የጭላዳ ጎፈር «የአያቴ ነው» ተብሎ ቢቀርብልዎ አይግዙ፤ ፍተሻ ላይ ቢያዝ ተጠያቂው የያዘው ነው፤ የሻጩ አያትም ምስክር አይሆኑልዎትም። ባናው በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፣ አይጨመቅም፣ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።